ሼህ ጠሃ ጀናዛውን ያስቆሙበት ቀን

ስሟን መጥራት በማያስፈልገን አንዲት የድሮ ከተማ፣ ከመስጂዱ በስተጀርባ ባለው ሰፈር፣ ሼህ ጠሃ የሚባሉ ዓሊም ይኖሩ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጀለቢያ ይሰፋሉ፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ ኪታብ ያስቀራሉ። በዚያች ከተማ ሰው ሲሞት፣ ሬሳው ከግቢ ከመውጣቱ በፊት ቤተሰቡ ቆሞ «በሟች ላይ ሐቅ ያለው ወይም በሟች የተበደለ ሰው ይናገር» ብሎ እንዲጠይቅ ያስለመዱት እሳቸው ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ሕዝቡ ይቅር ብሎ «አፉ ብለናል» ይላል፤ ጀናዛው ይነሳል።

ባለቤታቸው ሸምሲያ ትባላለች። አርባ ዓመት አብረው ሲኖሩ ድምፃቸው ከግድግዳ አልፎ ጎረቤት ጆሮ ገብቶ አያውቅም። አላህ የሰጣቸው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፣ በድሪያ። እሷም የተወለደችው ሼኹ ዒልም፣ የዲን ዕውቀት፣ ፍለጋ ለሁለት ዓመት ርቀው በሄዱበት ጊዜ ነው። ሸምሲያ ለመውለድ ብላ እናቷ አገር ሰንብታ፣ ሕፃኗን አቅፋ ተመለሰች። ሼኹ ሲመጡ ድክ ድክ የምትል ልጅ በር ላይ ጠበቀቻቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጉልበታቸው አልወረደችም። ቁርኣን ያስቀሯት ራሳቸው ናቸው። የተዳረችበት ሳምንት ሼኹ ምግብ አልዋጥ ብሏቸው እንደነበር የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር።

በድሪያ የሦስት ልጆች እናት ከሆነች በኋላ ሸምሲያ ታመመች፤ ሁለት ሳምንት ተኝታም ሞተች። ሼኹ ከሁለት ሴቶች ጋር ሆነው በገዛ እጃቸው አጠቧት፣ ከፈኗት። ከቃሬዛው አጠገብ ቆመውም የለመዱትን ቃል ተናገሩ። ሕዝቡ «አፉ ብለናል» አለ። ተሸካሚዎቹ ጎንበስ ሲሉ ከሴቶቹ በኩል አንድ ድምፅ ተሰማ።

«እኔ አላልኩም።»

አቧራ የለበሰች፣ ፊቷን በሻሽ የሸፈነች ሴት ወደ ፊት መጣች። የሚያውቃት የለም። ሼኹ ምን ሐቅ እንዳላት ጠየቋት።

«ልጄን ወስዳብኛለች» አለች።

ሴትየዋ ሉባባ እንደምትባል፣ የሸምሲያ እናት አገር ሰው እንደሆነች ተናገረች። ከሠላሳ ዓመት በፊት በዚያ አገር ወረርሽኝ ገብቶ ባሏን ገደለው፤ እሷም የሁለት ወር ሕፃን ታቅፋ ወደቀች። ሊጠይቃት የደፈረ ጎረቤት አንድ ብቻ ነበር፣ ሸምሲያ። ውኃ ታጠጣት ነበር፤ ግንባሯን ታብስላት ነበር። ሉባባ ከብዙ ቀን በኋላ ነፍሷን ስታውቅ ግን ሕፃኗ አጠገቧ አልነበረችም። ሞታ ተቀበረች አሏት፤ አንዲት ትንሽ የአፈር ክምርም አሳዩአት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየዒዱ እዚያ አፈር ላይ ተቀምጣ ዱዓ ስታደርግ ኖራለች። ከሁለት ቀን በፊት አንድ መልእክተኛ መጣ። ሸምሲያ «ልጅሽ አልሞተችም፣ እኔ ዘንድ ናት፤ ሳልሞት ድረሺልኝ» ብላ ልካባት ነበር። አንድ ቀን ተኩል በእግሯ ተጉዛ ደረሰች፤ የደረሰችው ግን ቃሬዛው ላይ ነው።

ኢማሙ ወደ ሼኹ ተጠግተው ጀናዛ ማዘግየት እንደማይገባ፣ ሴትየዋ ሐዘን አእምሮዋን የነካው ልትሆን እንደምትችል በጆሯቸው ነገሯቸው። ሁለት ጎልማሶችም በትሕትና ሊያስወጧት ተነሱ። ያን ጊዜ ሸምሲያን ስታስታምም የሰነበተችው አሮጊት አክስቷ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ፣ ነገሩ እውነት መሆኑን፣ ሸምሲያ ፅንሷ ጨንግፎባት ሕፃኗን እንደወሰደች፣ መልእክቱን በሸምሲያ ትእዛዝ የላከችው እሷ መሆኗን ተናገረች። ሉባባም ሻሿን ከፊቷ አወረደች። ከግቢው አንድም ሰው ሌላ ምስክር አልፈለገም። የቆመችው በድሪያ ነበረች፤ ያረጀች፣ ፀሐይ የበላት በድሪያ። በድሪያ ራሷ ያንን ፊት አይታ አፏን በእጇ ያዘች።

ሼህ ጠሃ ጀናዛውን መሬት እንዲያሳርፉት አዘዙ። አንድ ሽማግሌ ሉባባን እየለመኑ፣ ሟች ናትና ለአላህ ብላ አፉ እንድትል ነገሯት።

«አልልም» አለች ሉባባ። «ዛሬ ብል ከልቤ አይደለም።»

ሰዉ ደነገጠ። የባሰ ያስደነገጠው ግን የሼኹ መልስ ነው።

«አትበይ፣ እህቴ» አሏት። «በዚህ ግቢ ማንም አያስገድድሽም።»

አርባ ዓመት የወደዷትን ሚስታቸውን፣ የሰው ሐቅ በአንገቷ እንዳለ፣ ራሳቸው አሰገዱባት፤ ራሳቸውም ወደ ጉድጓዱ ወርደው አሳረፏት። ሲሰግዱ ድምፃቸው ሁለት ጊዜ ተቆረጠ፤ ከኋላቸው የቆሙት ሰዎች እስኪቀጥሉ ጠበቋቸው።

ከቀብር ሲመለሱ በድሪያ «አባ» እያለች እየሮጠች መጣች። ሼኹ እጃቸውን መዘርጋት ጀመሩና አቆሙ። ከዚያም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። በድሪያ ምን እንደሆነ አልገባትም። ዓሊም ናቸውና እሳቸው ገብቷቸዋል። ከአብራካቸውም ከሚስታቸውም ማሕፀን ካልወጣች በሸሪዓው ባዕድ ሴት ናት፤ ሊያቅፏት፣ እጇንም ሊይዙ አይፈቀድላቸውም። ሠላሳ ዓመት ያቀፏትን ልጅ በአንድ ቀን መንካት ተከለከሉ። ይህንኑ ነገሯት። በዚያ ቀን ሼህ ጠሃን ያየ ሰው፣ ከሚስታቸው ሞት ይልቅ ያቺ አንዲት እርምጃ እንደጎዳቻቸው ይናገር ነበር።

ከሴቶቹ መካከል የሼኹ ታናሽ እህት ሙኒራ ነበረች። ቀስ ብላ መጥታ፣ ሸምሲያ ከእናቷ አገር ስትመለስ ጡቷ ወተት እንዳልያዘ ነግራት እንደነበር፣ እሷም ያኔ የምታጠባው ልጅ ስለነበራት በድሪያን ስምንት ወር ሙሉ ከልጇ ጋር እንዳጠባቻት አስታወሰች። ተንኮል መኖሩን አላወቀችም፤ የወንድሟ ልጅ መስላት ነው።

ሼኹ ስንት ወር እንዳጠባቻት፣ ልጅቷ ያኔ ስንት ወሯ እንደነበር ደጋግመው ጠየቁ። እርግጠኛ ሲሆኑ ባሉበት ግንባራቸውን መሬት አስነክተው ሱጁድ ወረዱ። ያጠባቻት ሙኒራ በጡት እናቷ ናት፤ የሙኒራ ወንድም ደግሞ በጡት አጎቷ ነው፤ አጎት ለእህቱ ልጅ ባዕድ አይደለም። ከሱጁድ ሲነሱ በድሪያን አቅፈው አለቀሱ። «አባትሽ አይደለሁም» አሏት፤ «አጎትሽ ነኝ። አላህ ይህን ያህል ተወልኝ።»

በሦስተኛው ቀን በድሪያን ራሳቸው ከእናቷ ከሉባባ ጋር ሸኟት። መጀመሪያ አልሄድም ብላ ነበር፤ የማላውቃትን ሴት እናቴ ማለት አልችልም አለች። ሼኹ እናቴ በያት ብለው አላስገደዷትም። ሠላሳ ዓመት ዱዓ ያደረገችበትን አፈር አብረሻት ሄደሽ እዪው፣ ከዚያ ልብሽ እንዳለሽ አድርጊ ብቻ አሏት። በድሪያ ልጆቿን ይዛ ሄደች፤ ሦስት ወር ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ለሁለት ከፍላ በከተማዋም በሉባባም አገር ትኖር ጀመር። ባሏም ደግ ሰው ነበርና አልከለከላትም።

በየዒዱ ሼህ ጠሃ ወደ ሉባባ አገር እየሄዱ ሰላም ይሏታል። ስለ ሸምሲያ ግን አንድም ጊዜ አፉ በያት ብለው አልለመኗትም።

በሁለተኛው ዓመት ሉባባ ራሷ ወደ ከተማዋ መጣች። ሼኹን በስፌታቸው ላይ አገኘቻቸው። ትናንት ጎህ ሲቀድ ፈጅር ሰግዳ ስትነሳ፣ ማንም ሳይለምናት ለሸምሲያ ከልቧ አፉ እንዳለቻት ነገረቻቸው። ሼኹ መርፌውን አስቀመጡ። ሉባባም ሁለት ዓመት ስታሰላስለው የኖረችውን ጠየቀቻቸው። ያን ቀን እብድ ናት ብለው ቢያስወጧት ኖሮ ሚስታቸውም በክብሯ ትቀበር ነበር፤ ልጃቸውም ልጃቸው ሆና ትቀር ነበር። ለምን አላደረጉትም?

«ሸምሲያን ስለምወዳት ነው» አሉ ሼኹ። «ዝም ብል ኖሮ ሸክሟን ብቻዋን ይዛው ትሄድ ነበር።»

ይህን ታሪክ መጀመሪያ የሰማሁት በአንድ ሐዘን ቤት ነው። ያን ቀን እንዳስደነገጠኝ ዛሬም ያስደነግጠኛል። የሰውን ነውር መሸፈን በዲናችን ትልቅ አጅር፣ ትልቅ ምንዳ፣ እንዳለው ሁላችንም ተምረናል፤ እኔም ብዙ ጊዜ አስተምሬያለሁ። ነውሩ ሥር ግን የሌላ ሰው ሐቅ ተቀብሮ ከሆነ መሸፈኑ ለሟቹ አይጠቅመውም፤ ላዩ ላይ አፈር መጨመር ነው። እኛ የምንወደውን ሰው ስሙ እንዳይነሳ እንጠብቅለታለን። ሼህ ጠሃ ግን የሚወዷትን ሴት የጠበቋት ከአላህ ፊት ከምትቆምበት ቀን ነው። ለዚያ ሲሉ ስማቸውንም፣ «አባ» መባልንም ሰጡ። እውነቱን ልናገር፤ እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን ቃሬዛውን አነሳ ነበር ብዬ እፈራለሁ።