የጓዳው ካሴትና አልነሣም ያለችው አህያ

ተረቴ መጣ! ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ የቸኮለ ይለፍ። የዛሬው ተረት እንደ ሽሩባ ነው፤ አንዱን ሲይዙት ሌላው ተከትሎ ይመጣል።

ሰው ሁሉ ዘፈን በካሴት በሚሰማበት፣ የአሰብ ከባድ መኪና ሁሉ በደሴ በሚያልፍበት ዘመን፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ማንጠግቦሽ የምትባል ሹራብ ሠሪ ነበረች። ዘፈን ትወዳለች። ዘፈን የማይወድ ማን አለ? እሷ ግን በየሙዚቃ ቤቱ መስኮት የተደረደረውን፣ የዘፋኙ ፎቶ ያለበትን ካሴት ዞር ብላም አታየው። የምትወደው የጓዳ ካሴት ነው፤ ፎቶ የሌለው፣ በቢክ የተጻፈበት፣ አንዱ በሰርግ ድንኳን፣ አንዱ በጠላ ቤት፣ አንዱ በሩን ዘግቶ የቀዳው፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር። እንዲህ ያለ ካሴት የት እንዳለ አፍንጫዋ ይነግራታል። ኪሷ ግን ሁልጊዜ ዝም ነው። ስለዚህ ለአንዱ ካልሲ እየሠራች፣ ለሌላው ውሃ እያመላለሰች፣ አንድ በአንድ ለቀመቻቸውና በጫማ ካርቶን ውስጥ አኖረቻቸው።

ከሁሉ አብልጣ የምትመኘው ግን አንድ ነበር። እሱም ሰዓትና ራዲዮ የሚጠግኑት ጋሽ ይመር ዘንድ ይገኛል። ታናሽ እህታቸው ዘሐራ ከማግባቷ በፊት፣ አባቷ እንዳይሰሙ በሩን ዘግታ፣ በአንድ ክራር ብቻ የዘፈነችበት ካሴት ነው። ያን ቀን ዶፍ ይጥል ስለነበር የጣሪያው ቆርቆሮ ጩኸት እንኳ አብሮ ተቀድቷል። ዘሐራ አግብታ አሰብ ወረደች፤ ዘፈኗንም ተወች። ክራር መቺው የት እንደደረሰ አይታወቅም። የቀረው ያ አንድ ካሴት ብቻ ነው። ማንጠግቦሽ አንድ ቀን ቴፗን ልታሠራ ሄዳ ሰማችው። ከዚያ ወዲያ እጇ ሹራብ ይሠራል፣ ጆሮዋ ዘሐራን ይሰማል።

አንድ ረፋድ ላይ ወደ ጋሽ ይመር ሱቅ ብቅ ብትል ምን ታያለች? ጋሽ ይመር ያንኑ ካሴት ይዘው፣ ጀርባው ላይ ባሉት ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች የታኘከ ወረቀት ይጠቀጥቃሉ! ካሴት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቀዳዳው ከተደፈነ በላዩ ሌላ ይቀዳበታል፣ የቀድሞው ይጠፋል።

«ጋሽ ይመር! በሞቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ለዘሐራ የድምፅ ደብዳቤ ልልክላት ነው» አሉ። ያን ጊዜ ሰው ሰላምታውን በካሴት ቀድቶ በሾፌር እጅ ይልክ ነበር። «እናታችን ከሕመሟ ተነሥታለች፤ ዘሐራ ግን አልሰማችም፣ ሌት ተቀን ታለቅሳለች አሉ። የአሰቡ መኪና ምሳ እንደተበላ ይነሣል። ሌላ ካሴት ደግሞ የለኝም።»

«ታዲያ የገዛ ድምፅዋን አጥፍተው?»

«ዘፈኑንማ ራሷ ትታዋለች፤ ከእንግዲህ ለማን ይጠቅማል? ግን እንዲህ የሚያንገበግብሽ ከሆነ ባዶ ካሴት አምጪና ይህን ውሰጂው፣ ያንቺ ይሁን። መኪናው ክላክስ ሳያሰማ ድረሺ። ካልደረስሽ በዚሁ ላይ እቀዳለሁ።»

ያንቺ ይሁን! የማንጠግቦሽ ልብ ዘለለ። ከካርቶኗ አንዱን ብትሰጥስ የምትሉ ትኖራላችሁ። እስቲ ሂዱና አንዲቷን እናት ከልጆችሽ አንዱን ስጪን በሏት! ማንጠግቦሽ የፈለገችው አንድ ባዶ ካሴት ብቻ ነው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ሮጠች።

ባዶ ካሴት የሚገኘው እትዬ ከድጃ ሱቅ ነው።

«እትዬ ከድጃ፣ ባዶ ካሴት ስጪኝ! ባዶው ካሴት ካልመጣ የጓዳው ካሴት ይጠፋል!»

እትዬ ከድጃ አልደነገጠችም። «ዱቤ ዛሬ የለም» የሚለውን የግድግዳ ጽሑፍ በአገጯ አሳየቻት። ኋላ ግን የልጅቷን ማለክለክ አየችና አዘነች። «ዛሬ የእህቴ ልጅ የጋብቻ ኒካ ነው፤ እኔም ሱቁን ጥዬ መውጣት አልቻልኩም። ቀሚሴ ልብስ ሰፊው እንድሪስ ዘንድ ነው። ቀሚሴን አምጪልኝ፣ ካሴቱን ውሰጂ።»

ማንጠግቦሽ ወደ ልብስ ሰፊው በረረች።

«አያ እንድሪስ፣ የእትዬ ከድጃን ቀሚስ ስጠኝ! ቀሚሱ ካልወጣ ባዶው ካሴት አይመጣም፤ ባዶው ካሴት ካልመጣ የጓዳው ካሴት ይጠፋል!»

«ቀሚሱማ አልቋል» አለ አያ እንድሪስ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ እየሰቀለ። «ግን ሳይተኮስ ከዚህ ቤት ልብስ አይወጣም። አባቴ አላወጣም፣ እኔም አላወጣም። ካውያው ደግሞ ይኸው፣ ዳስሺው፤ በረዶ ነው። ከሰል የለኝም። ከሰል አምጪና ወዲያው ልተኩስልሽ።»

እንደተጨማደደ ስጠኝ ብትለው ሞቱን ይመርጣል። በሙያው ከመጡበት ሰው ጋር ክርክር የለም። ወጣች፤ ቁልቁል ወደ ድልድዩ፣ ከሰል ሻጯ እማማ ደብሬ ወደሚመጡበት ሮጠች። የሚያያት ሁሉ «ይቺ ልጅ ምን ጠፋባት?» ይላል። «ገና ሊጠፋብኝ ነው!» ትላለች።

ድልድዩ ጋ ደረሰች። እማማ ደብሬም አሉ፤ ከሰሉም አለ። ከሰሉ ግን አህያዋ ላይ ነው፤ አህያዋ ደግሞ መሐል መንገድ ላይ ተኝታለች፣ የጆንያውን አፍ ከሆዷ ሥር አድርጋ።

«እማማ ደብሬ፣ ከሰል ይስጡኝ! ከሰል ከሌለ ካውያው አይግልም፤ ካውያው ካልጋለ ቀሚሱ አይወጣም፤ ቀሚሱ ካልወጣ ባዶው ካሴት አይመጣም፤ ባዶው ካሴት ካልመጣ የጓዳው ካሴት ይጠፋል!»

«እኔማ በሰጠሁሽ፣ ወይዘሪት ትስጥሽ እንጂ!» አሉ እማማ ደብሬ። ወይዘሪት ማለት አህያዋ ናት። «ከተኛች ቆየች። ተነሽ ብላት አትሰማም።»

«በዱላ ቸብ ቢያደርጓትስ?»

«ዱላ? የኔን ወይዘሪት?» እማማ ደብሬ ክፉኛ ተቆጡ። «እኔ አህያ መትቼ አላውቅም። ወይዘሪት የምትሄደው በዘፈን ነው። ራዲዮዬን ጆንያው ላይ አንጠለጥላለሁ፣ ራዲዮው ሲዘፍን እሷ ትሄዳለች። አስለመድኳትና ይኸው ጉዴ ነው።»

«ታዲያ ራዲዮው የታል?»

«ራዲዮውስ ይኸው። የባትሪ ድንጋዩን ግን ጠዋት ይመር ተዋሰኝ። ለድምፅ ደብዳቤ ነው ብሎ ቴፑ ውስጥ ከተተው።»

ማንጠግቦሽ ባለችበት ክው አለች። እስቲ አብረን እንቁጠረው። ድንጋዩ ካልመጣ ራዲዮው አይዘፍንም፤ ራዲዮው ካልዘፈነ አህያዋ አትነሣም፤ አህያዋ ካልተነሣች ከሰሉ አይወርድም፤ ከሰሉ ካልወረደ ካውያው አይግልም፤ ካውያው ካልጋለ ቀሚሱ አይወጣም፤ ቀሚሱ ካልወጣ ባዶው ካሴት አይመጣም። ድንጋዩስ መቼ ይመጣል? ደብዳቤው ሲቀዳ! ደብዳቤው ከተቀዳ ደግሞ የጓዳው ካሴት ጠፋ ማለት ነው። ማንጠግቦሽ ሹራብ ሠሪ ናትና ቋጠሮ ታውቃለች፤ እንዲህ ያለ ቋጠሮ ግን አይታ አታውቅም። እንባዋ መጣ።

በዚህ ላይ ደግሞ የአሰቡ መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ሲያጓራ ከወዲያ ማዶ ተሰማ።

«ልጄ» አሉ እማማ ደብሬ፣ «አንቺስ አፍ የለሽም?»

«እኔ? እኔ እኮ እሰማለሁ እንጂ አልዘፍንም። ሰው ፊት ዘፍኜ አላውቅም።»

«ለአህያ ነው እኮ! አህያ አታማሽም።»

ማንጠግቦሽ ግራ ቀኝ አየች። መንገዱ በሰው ተሞልቷል። አይኗን ጨፈነች፤ ያንን የቆርቆሮ ድምፅ ከጆሮዋ ፈለገች፣ አገኘችውና ጀመረች፦

ዶፉ በቆርቆሮው ደጋግሞ ሲያንኳኳ፣
አንተን ብዬ ከፈትሁ፣ ዝናብ ኖሯል ለካ።

ወይዘሪት አንድ ጆሮዋን አቆመች። ማንጠግቦሽ ደገመችው። ወይዘሪት ሁለተኛውን ጆሮ አቆመች። ሦስተኛ ስትለው መንገደኛው ማጨብጨብ ጀመረ፣ እማማ ደብሬ እልል አሉ፣ ወይዘሪትም ጭራዋን ወዝወዝ አድርጋ ብድግ!

ያዙኝ ልቀቁኝ አሁን ነው! አህያዋ ተነሣች፤ ዳገቱን ወጣች፤ ከሰሉ ወረደ፤ ካውያው ጋለ፤ አያ እንድሪስ ሽው ሽው አድርጎ ተኮሰ፤ ቀሚሱ ወጣ። ማንጠግቦሽ ቀሚሱን ከፍ አድርጋ ይዛ እየዘፈነች ሮጠች። ወይዘሪትስ? ወይዘሪት ከዘፈን መለየት አትወድም፤ መሐል መንገዱን ይዛ ተከተለቻት። የአሰቡ መኪና ደግሞ ከወይዘሪት ኋላ ደረሰ። ማለፍ አይችል፣ መጠምዘዝ አይችል፤ ክላክሱን ለቀቀው።

ክላክስ! ማንጠግቦሽ እትዬ ከድጃ ሱቅ በር ላይ ሆና ሰማችው። ጋሽ ይመርም ከሱቃቸው ሰሙት ማለት ነው። ቀሚሱን ወረወረችላት፣ እትዬ ከድጃ ባዶውን ካሴት ወረወረችላት፣ «ሩጪ እቴ!» አለቻት። ሮጠች። ነጠላዋ ወደቀ፣ አላነሣችውም። አንድ ጫማዋ ወለቀ፣ ተወችው።

«ጋሽ ይመር! መጣ! ባዶው ካሴት መጣ! አይቅዱበት!»

ጋሽ ይመር ጣታቸው ቀዩ የመቅጃ ቁልፍ ላይ ነበር። ላይ ነበር እንጂ አልተጫነም። ቴፑ ውስጥ ዶፍ ይዘንባል፣ ዘሐራ ትዘፍናለች፣ የጋሽ ይመር ጉንጭ ርሷል።

«ለመጨረሻ ጊዜ ልስማው ብዬ ከፈትኩት» አሉ። «ክላክሱን ስሰማ ልጫን አልኩ፤ ጣቴ እምቢ አለኝ። እንኳን ደረስሽ፣ የኔ ልጅ። እንኳን ደረስሽ።»

ውጪ ሾፌሩ ይጮኻል፣ ወይዘሪት በሩ ላይ ቆማ መንገዱን ዘግታለች፣ የሚያነቃንቃት የለም። በዚያ መሐል ጋሽ ይመር ባዶውን ካሴት ከተቱና የእናታቸውን መዳን፣ የዘመዱን ደኅንነት፣ የዝናቡን ደግነት ሁሉ ተናገሩ። የአህያዋን ነገር ከደጅ ሰምተው ነበርና፣ መጨረሻ ላይ «አሁን ደግሞ አህያ ያስነሣች ልጅ ታሰማሽ» ብለው ማንጠግቦሽን ወደ ቴፑ ገፋ አደረጓት። እሷም የዘሐራን ዘፈን ለዘሐራ ዘፈነችላት። ሾፌሩ ካሴቱን በደረት ኪሱ ከተተ፤ ድንጋዩ ወደ እማማ ደብሬ ራዲዮ ተመለሰ፤ ራዲዮው ዘፈነ፤ ወይዘሪት ሄደች፤ መኪናው አለፈ። የጓዳው ካሴት የማንጠግቦሽ ሆነ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያው ሾፌር ከአሰብ ሲመለስ ያንኑ ካሴት አመጣ። ጋሽ ይመር ማንጠግቦሽን አስጠርተው፣ ገልብጠው ከፈቱት። በጀርባው ዘሐራ አለች። «ሰላም ለእናቴ፤ ሰላም ለወንድሜ፤ ሰላም ለዚያች ልጅ፤ ለአህያይቱም ሰላም በሉልኝ» አለች። ውሃ ሲላተም ይሰማል። ከዚያ፣ ያ የተረሳ ድምፅ፣ ትንሽ ሻካራ ሆኖ፣ ቀስ ብሎ ወጣ፦

ባሕሩ ከደጄ ደጋግሞ ሲያንኳኳ፣
ደሴ ብዬ ከፈትሁ፣ አሰብ ኖሯል ለካ።

«ዘፈነች!» ብላ ማንጠግቦሽ ጮኸች፤ ደስታዋ ሱቁን ሞላው። «ጋሽ ይመር፣ ዘፈነች እኮ!» ጋሽ ይመር እንደገና ከፈቱት፣ እንደገና አለቀሱ፣ በመጨረሻ ካሴቱን አውጥተው በእጇ አኖሩት።

«ይህንንም ካርቶንሽ ውስጥ አኑሪው፤ ስፈልግ እየመጣሁ እሰማለሁ። እኔ ዘንድ ከዋለ አንድ ቀን በላዩ መቅዳቴ አይቀርም።»

ማንጠግቦሽ የሹራብ መርፌዋን አወጣች። እንዳይቀዳበት የካሴቱን የጀርባ ቀዳዳዎች የሚከድኑትን ሁለት ጥርሶች ቀጭ፣ ቀጭ አድርጋ ሰበረቻቸው። በአንዱ ገጽ የእሷ ድምፅ አለ፣ በሌላው ገጽ የዘሐራ።

የኔም ተረት እዚህ ላይ ቀጭ አለ። በቢክ አጠንጥናችሁ መልሱልኝ፤ ወረቀት የጠቀጠቀበት ግን ወዮለት!