ጡሩምባው ደርሶ ቃሉ የቀረበት ቀን

አንድ ጡሩምባ ነፊ ነበረ። ሥራው ለሁለት ሰፈር መልእክት ማድረስ ነበር፤ ለላይ ሰፈርና ለታች ሰፈር።

የጠየቅሽኝን አልረሳሁም፣ ሩሃማ ልጄ። ለሐኪም ቤቱ በሽተኞች የምትሠሪው የስልክ ነገር፣ ደወሉ በሁሉም ስልክ ላይ ይደውላል፤ ከደወሉ ጋር አጥፈሽ የምትልኪው ቃል ግን በአንዱ ዓይነት ስልክ ይከፈታል፣ በሌላው ይጠፋል ብለሽኛል። «እኔ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው የላክሁት፤ ጥፋቱ የስልኩ አይደለም ወይ? ሰኞ ብለቀው ምን አለበት?» አልሽ። እኔ ስለ ስልክ ምን አውቃለሁ፤ ሲደወልልኝ እንኳ የቱን እንደምነካ ግራ ይገባኛል። ስለ ጡሩምባ ነፊው ግን ስሚኝ።

ላይ ሰፈር ገበሬዎች ናቸው። ጡሩምባ ሲነፋ በሬዎቹን ያቆሙና አጥር ድረስ ወጥተው ቃሉን እስከ መጨረሻው ያዳምጣሉ። ሞት ይሁን፣ ደቦ ይሁን፣ ሌላም ይሁን፣ ከቃሉ ነው የሚያውቁት። ታች ሰፈር ደግሞ ወንዙ ዳር ነው፤ ነዋሪው ሸማኔ ነው። ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ፣ መወርወሪያውን ወዲህና ወዲያ እያመላለሰ፣ ቀኑን ሙሉ በዚያ ቋ ቋ ውስጥ ይውላል። ሰው ከመንገድ ላይ ቢጮህ አይሰማውም። ጡሩምባ ግን ይሰማዋል። መሬት የለውምና ለደቦ የሚጠራው የለም፤ ጡሩምባ ለሱ ቀብር ነው። ሲሰማ ምንም ሳይጠይቅ ይነሣል፣ ነጠላውን ያዘቀዝቃል፣ በጓሮ በር ወጥቶ ወንዙን ይሻገርና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይሄዳል። ማን እንደሞተ የሚሰማው እዚያ ሲደርስ ነው።

በፊት የነበረው ሽማግሌ ነፊ ይህን ያውቅ ነበር። ታች ሰፈር ሲደርስ ጡሩምባውን ብብቱ ሥር ይሸጉጥና ቤት ለቤት ይገባል። የተወጠረውን ክር በጣቱ ነካ ያደርጋል፤ ሸማኔው ቀና ሲል ነገሩን ይነግረዋል፤ «ምን አልሁህ?» ብሎም መልሶ ያስብለዋል። ቤቱ ዝግ ከሆነ፣ ባለቤቱ ሲመለስ እንዲያገኘው ለጎረቤት ይተውለታል። ጡሩምባውን የሚነፋው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አድካሚ ነው እንግዲህ፤ ምን ልበልሽ።

አዲሱ ነፊ ድምፁ መረዋ ነበረ። የሽማግሌውን ቤት ለቤት መዞር እንደ ሥራ ፈትነት ቆጠረው። አንድ ጡሩምባ፣ አንድ ቃል፣ ለሁሉም እኩል አለ። ደግሞም ብዙ ወር ምንም አልሆነ፤ የመጣው መልእክት ሁሉ ሞት ነበራ።

አንድ ጠዋት አንድ ሰው በቅሎ ጋልቦ መጣ። «ተራራው ላይ ሌሊቱን ሲያወርደው አድሯል፤ ደራሽ ውሃ እየመጣ ነው። ማንም ወንዙን እንዳይሻገር ንገር» አለው። እዚህ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ወንዙም ከቁርጭምጭሚት አያልፍም።

ጡሩምባ ነፊው ነገሩ ገብቶታል። የገዛ ታላቅ እህቱ ታች ሰፈር ነው ያገባችው። ላይ ሰፈር ነፍቶ ለፈፈ፤ ገበሬዎቹ አጥር ላይ ሆነው ሰሙ፣ ከብቶቻቸውን ከወንዙ ዳር መለሱ። ከዚያ ከታች ሰፈር ራስጌ ካለው መንገድ ላይ ቆመና ያንኑ ነፋ፣ ያንኑ ለፈፈ። አንድ ቃል አላጎደለም። ላቡን ጠርጎ ተመለሰና አንድ ገበሬ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ቶሎ ጨረስህ ዛሬ» አለው ገበሬው።

«አፌን እንጂ እግሬን አልቀጠራችሁም።»

«ታችኞቹስ ሰሙህ?»

«የኔን ጡሩምባ ያልሰማ መቃብር ውስጥ ያለ ነው» አለ እየሳቀ።

ገበሬው በእጁ ዓይኑን ከፀሐይ ጋርዶ ቁልቁል ያይ ነበር። «ታዲያ እነዚያ ነጫጮቹ ምንድን ናቸው?» አለው።

ጡሩምባ ነፊው አየ። ከሸማኔዎቹ ጓሮ ሰው ይፈስሳል፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ሽማግሌው በምርኩዝ፣ ሴቱ ተያይዞ፣ ወደ መሻገሪያው። እንዳይሻገሩ ብሎ የነፋላቸው ሰዎች ሊሻገሩ ነው። ከገደሉ ወዲያ ደግሞ የውሃው ጉርምርምታ መሰማት ጀምሯል።

እጁ የለመደውን አደረገ፤ ጡሩምባውን አንሥቶ ባለ በሌለ ትንፋሹ ነፋ። ተመለሱ ማለቱ ነው። እነሱ ግን ቀብሩ እንዳያመልጣቸው እርምጃቸውን አፋጠኑ። ደግሞ ነፋ፤ መሮጥ ጀመሩ። ከፊት ያለችው ሴት ዞር ብላ እጇን አነሣችለት፤ ሰምተንሃል፣ መጣን ማለቷ ነው። እህቱ ናት።

ያን ጊዜ ነው ጡሩምባውን የጣለው። ቁልቁል ሮጠ፣ ወደቀ፣ ተነሣ፤ ሰው መካከል ገብቶ ነጠላ እየጨመደደ፣ ለያንዳንዱ ጆሮው ድረስ ተጠግቶ «ውሃ እየመጣ ነው፣ የሞተ የለም» እያለ ጎተተ። የሰማው ሌላውን ያዘ። እህቱ ወንዙ መካከል ደርሳ ነበር፤ ክንዷን ይዞ ከዳር ሲያወጣት ደራሹ ግንድና ድንጋይ ተሸክሞ መጣ። ከጎኗ ይሻገር የነበረውን ሽማግሌ ግን አልደረሰበትም። ውሃው እዚያው በዓይናቸው ፊት ወሰደው።

እህቱ ቀሚሷ ውሃ እያንጠባጠበ ዓይን ዓይኑን አየችው።

«ማን ሞቶ ነው የጠራኸን?» አለችው።

«ለሞት አልነበረም፣ እትዬ። እንዳትሻገሩ ብዬ ነበር።»

«ለማን ነው ያልኸው?»

እውነትም ለማን ነበር ያለው? ለመንገዱ።

አየሽ ልጄ፣ ያ ሰው አልዋሸም፤ ከተላከው ቃልም አንድ አላጎደለም። ጡሩምባው ያንቺ ደወል ነው። ቃሉ አጥፈሽ የምትልኪው ነው። ሁለቱ ሰፈሮች ሁለቱ ዓይነት ስልኮችሽ ናቸው፤ አንዱ ቆሞ ይሰማሻል፣ ሌላው ቤቱ ገብተሽ ክሩን ካልነካሽለት ደወሉን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ጥፋቱ የስልኩ አይደለም ወይ አልሽኝ። ሸማኔው ምን አጠፋ? እንደ ልማዱ ነው የተነሣው። የያንዳንዱን ልማድ ማወቅ የላኪው ሥራ ነበር። ስለዚህ ሰኞን ተዪው። በሁለቱም ዓይነት ስልክ፣ ሰው እጅ ላይ ተከፍቶ ሳለ፣ ተኝቶም ሳለ፣ ጭራሽ ተዘግቶም ሳለ ላኪበት፤ ቃሉ ምን ሆኖ እንደደረሰ ስልኩ መልሶ ይንገርሽ፣ አንቺም በዓይንሽ እዪው። እስካሁን ደህና ነው አትበዪኝ። እስካሁን የላክሽው ሁሉ «መድኃኒትዎን ይውሰዱ» የሚል ነው፤ ቃሉ ቢወድቅም ደወሉ ይበቃል። አንድ ቀን ሐኪሙ «ያንን ክኒን ከዛሬ ጀምሮ አቁሙ» ብሎ ያስልክሻል። ቃሉ መንገድ ላይ ይቀራል። ደወሉ ግን ይደርሳል፤ በሽተኛውም ደወሉን ሰምቶ፣ እንደ ልማዱ ተነሥቶ፣ ክኒኑን ይውጣል።