አፏ ግቢ፣ እግሯ አትግቢ

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት!»

ይሄ የሰው ድምፅ ነው የትንኝ? እራት አልበላችሁም እንዴ? ጠጋ ጠጋ በሉና ደግማችሁ መልሱልኝ። ተረት ተረት!

«የላም በረት!»

እንዲያ ነው። እንግዲህ ስሙኝ።

በድሮ ዘመን፣ ከአንድ ትልቅ ገደል ሥር ባለች መንደር፣ አትጠገብ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ተገኘ ይባላል። ቀፎ እየሰቀለ፣ ማር እየቆረጠ ነበር የሚኖረው። ደምለው የሚባል ወንድ ልጅ ነበራቸውና ሌላ ልጅ ደግሞ በሆዷ ነበረ።

አንድ ማለዳ አትጠገብን ምጥ ያዛት። ተገኘም፦ «ለአራስ የሚሆን ማር ላምጣ» ብሎ ወጣ። ከመንደሩ በላይ ያለው ዋርካ ላይ ወጣና ቀፎውን ሲጎትት ቅርንጫፉ ተገነጠለ። እሱ ከዛፉ ሲወድቅ፣ እቤት ደግሞ ልጅቱ ተወለደች። እልልታውና ዋይታው ተደባለቀ። የመጣው ሰው ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይበል፣ «እግዜር ያጥናሽ» ይበል፣ ግራ ገባው።

ከዚያም ለቅሶው ላይ ሴቶቹ ማንሾካሾክ ጀመሩ፦ «ገፊ ናት። አባቷን ገፍታ መጣች።»

ገፊ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ልጅ ሲወለድ ወላጁ ከሞተበት የድሮ ሰዎች ገፊ ይሉታል። ያ አንድ ፍሬ ሕፃን አባቱን በእጁ የገፋው ይመስል።

አትጠገብ ሰማች። ከመደቡ ተነሣችና ሕፃኗን ደረቷ ላይ ለጥፋ፦ «ልጄን ገፊ ያለ ደጄን አይርገጥ! እግዜር ባሌን ወሰደና በእሷ ካሰኝ። ስሟም ካሰች ነው!» አለች። ሴቶቹ አፈሩ። ከዚያ ወዲያ ያንን ቃል በመንደሩ ውስጥ ማንም አላነሣውም። አትጠገብም ቃሉ ሞቶ የተቀበረ መሰላት።

ቃል ግን እንደ ሙጀሌ ነው ልጆቼ። ሲገባ አይሰማም። ከጥፍር ሥር ተኝቶ ይወፍራል። ሰውየው ሲያነክስ አይታችሁ «ምን ሆንክ?» ብትሉት፣ «ድንጋይ መታኝ» ይላችኋል። እየዋሸ አይደለም። እንደዚያ ነው የሚመስለው።

ካሰች አደገች። ሥራዋ ቀልጣፋ፣ አንደበቷ ቁጥብ፣ ዓይኗ ግን ሁሉን የሚያይ ልጅ ሆነች። አትጠገብም ትወዳት ነበር። ፀጉሯን ስትሠራት ብታመሽም አትጠግብም። «ከሁለቱ ልጆችሽ ማንን ታበልጫለሽ?» ያሏት እንደሆነ፣ «ከጣቶቼ የቱን ቆርጬ ልጣል?» ትል ነበር። ከልቧም ነው።

አንድ ቀን ጎረቤታቸው ይመናሹ ወለደችና እናትና ልጅ ሊጠይቋት ሄዱ። ይመናሹ ሕፃኑን ከጭኗ አነሣችና፦ «እንኪ ካሰች፣ እስቲ ያዥልኝ» አለች። ካሰች ደስ ብሏት እጇን ዘረጋች። ወዲያው አትጠገብ ከተቀመጠችበት ብድግ አለችና ሕፃኑን ከመሃል ቀማች። ማን እንዳስነሣት እሷም አላወቀችም።

«ምነው እማዬ?» አለች ካሰች።

«እጅሽ ይቀዘቅዛል። ሕፃኑን ያስደነግጠዋል።»

ሌላ ቀን ደምለው ቀፎ ሊሰቅል ተነሣ። ጎልምሶ ያባቱን ሥራ ይዞ ነበር። «ካሰች ገመዱን ከሥር ትያዝልኝ» አለ። አትጠገብም፦ «ተው ተው፣ የእሷ እጅ ሙቅ ነው፣ ንቦቹ ይሸሹብሃል» አለችው። ደምለው ሳቀ። ካሰች ግን አልሳቀችም።

«እማዬ፣ እጄ ሙቅ ነው ወይስ ቀዝቃዛ?»

አትጠገብ እንስራውን አነሣችና ሰጠቻት። «ሂጂ ውኃ ቅጂ» አለቻት።

ካሰች ውኃውን ቀድታ ስትመለስ እናቷ ጠራቻትና እጇን ያዘችው። አገላብጣ ዳሰሰችው። እንደ ማንም ሰው እጅ ነው። «ታዲያ ምን ብዬ ነው እንደዚያ ያልኩት?» አለች በሆዷ። አሰበች፣ አሰበች፣ ውሉ ጠፋባት። ከዚያም ላሚቱ ልትወልድ ስታምጥ፣ ይኸው ያው አትጠገብ፦ «ካሰች፣ አንቺ ከዚህ ራቂ፣ ሽሮውን ፍጪ» ስትል ራሷን ሰማች። ሽሮው ግን ትናንት ተፈጭቶ አልቋል።

እንዲህ እንዲህ እያለ ከረመና ደምለው ያን አባቱ የሞተበትን ዋርካ ሊወጣ ተነሣ። ንብ ሰፍሮበት ነበርና ማሩ አስጎመጀው። አትጠገብ ከሥር ቆመች። ካሰችም አጠገቧ ቆማ ወደ ላይ አንጋጠጠች።

«አትይው!» ብላ ጮኸች አትጠገብ።

«ምኑን?»

«ወንድምሽን! ሲወጣ አትይው። ሂጂ ወደ ቤት።»

«አንቺ እያየሽው አይደል እንዴ እማዬ? ለምን እኔ ብቻ?»

«እንዲያው።»

«እንዲያው ምን?»

«እንዲያው ነዋ!»

ካሰች ሄደች። ደምለውም ማሩን ቆርጦ በደኅና ወረደ። በማግስቱ ግን ካሰች ልብሷን ጠቅልላ፦ «አክስቴ ዘንድ ልሰንብት» አለች። የአባቷ እኅት ከወንዝ ማዶ ነበረች። አትጠገብ አለቀሰች፣ ለመነች፣ እስከ ወንዙ ድረስ ሸኘቻት። ተመልሳም ጋደም አለች። እንቅልፍ ድብን አድርጎ ወሰዳት።

ስትነቃ ደነገጠች። «ልጄ ተከፍታ ሄዳ፣ እኔን እንዲህ ያለ እንቅልፍ የሚወስደኝ ምን ነክቶኝ ነው?» ልቧን ጠየቀችው። ናፍቆቱ አለ፣ እውነት ነው። እፎይታውም አለ። ሁለቱ በአንድ ደረት ውስጥ እንዴት ገቡ? ለማን ይነገራል? ዋጥ አድርጋ ተቀመጠች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ደምለውን ንዳድ ያዘው። ሰውነቱ እንደ ፍም ጋለ። ምግብ አልቀበል አለ። ማንም ቢያጎርሰው አፉን ይገጥማል። «ካሰችን ጥሩልኝ» አለ።

«እሺ የኔ ጌታ፣ አሁን እልክባታለሁ» አለች አትጠገብ። ወጣች። ጠበል የሚያመጣ ሰው ላከች። መድኃኒት አዋቂውን አስጠራች። ለቄሱ መልእክት ሰደደች። ተመለሰችም።

«ላክሽባት?»

አትጠገብ ቀጥ ብላ ቀረች። አልላከችም። «ረሳሁት ልጄ» አለችው። በማግስቱም ጠየቃት። አሁንም ረስታዋለች። የልጅ መልእክት እንዴት ይረሳል? ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ይዛ «እያረጀሁ ነው መሰል» አለች። ሌላውን ሁሉ ግን አልረሳችም። መድኃኒቱ በስንት ማንኪያ እንደሚሰጥ እንኳ አልጠፋባትም።

ኋላ ይመናሹ ልትጠይቅ መጣችና ነገሩን ከደምለው አፍ ሰማች። አትጠገብንም ምንም አላለቻት። ወደ ማዶ ገበያ ለሚሄዱ ሰዎች ነገረችና ቃሉ ለካሰች ደረሰ።

ካሰች እየሮጠች መጣች። ፀሐይ ዘንበል ብላለች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ፣ እግሯ ጭቃ ለብሶ ደጃፉ ላይ ደረሰች። አትጠገብ በሩ ላይ ነበረች። ልጇን ስታይ ልቧ ዘለለ፤ በደስታ ነው የዘለለው፣ አልዋሻችሁም።

«ልጄ! መጣሽልኝ! ግቢ፣ ግቢ እንጂ!»

ካሰች አልገባችም።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ወንድምሽ ሲጠራሽ ነው የሰነበተው። ግቢ!»

ካሰች እናቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ከዚያም ቀስ ብላ፦ «እማዬ፣ አፍሽ ግቢ ይለኛል። እግርሽ ግን በሩን ዘግቶታል» አለቻት።

አትጠገብ ወደ ታች አየች። አንዱ እግሯ በዚህኛው መቃን፣ ሌላው በዚያኛው መቃን ሥር ተተክሏል። እጆቿም ግራና ቀኝ መቃኑን ጨብጠዋል። ጅብ እንዳይገባ የምትከለክል ትመስላለች። መቼ እንዲህ ቆመች? ማን አቆማት? የሌላ ሴት እግር የምታይ መሰላት። ልትለቅ ፈለገች። ጣቶቿ እምቢ አሉ።

«ካስዬ ናት?» አለ ደምለው ከውስጥ፣ በደከመ ድምፅ።

ያን ጊዜ አንድ ቃል ከሆዷ ተነሥቶ ጆሮዋ ላይ ጮኸባት። ገፊ። የእነዚያ የለቅሶ ሴቶች ድምፅ አልነበረም። የራሷ ድምፅ ነበር። ወንድሟንም ትገፋዋለች፣ አታስገቢያት፣ ይላል።

አትጠገብ ጣቶቿን ከመቃኑ ላይ እያላቀቀች፣ በግድግዳው ተንሸራታ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ካሰችም አልፋት ገባች።

«ሞተ እንዴ እማማ?»

ማነው እሱ? ቆይ እንጂ! ተረት አንገቱን ይዘው አይጎትቱትም።

ካሰች አጥሚት ሠራችና ወንድሟን ቀና አድርጋ አጠጣችው። አትጠገብ ጥግ ላይ ሆና ታያለች። ጽዋው ከንፈሩ ጋ በደረሰ ቁጥር ቀኝ እጇ ሊቀማ ይነሣል። በግራ እጇ ይዛ ታስቀምጠዋለች። ደምለው ጠጣ። እሱ ይድን ይሆን አይድን፣ ያን ጊዜ ማንም አያውቅም። አትጠገብ ግን እጇን እንደያዘች ቆየች።

ከዚያም ንዳዱ ቀስ በቀስ ለቀቀው። ላብ አጠመቀውና ራበኝ አለ። መድኃኒቱ ይሁን፣ ጠበሉ ይሁን፣ የእኅቱ እጅ ይሁን፣ እኔ እንጃ።

ደምለው በእግሩ ሲቆም፣ ካሰች ወደ ማዶ ልትመለስ ተነሣች። አትጠገብ እስከ አጥሩ ተከተለቻት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። በመጨረሻም፦

«ካሰች፣ አንድ ነገር አለ። ገፊ ነሽ ብዬ አምን ኖሯል። ሰውን ሁሉ አፉን ያስያዝኩት እኔ፣ ሆዴ ግን አምኖት ኖሯል። ስምሽን እየጠራሁ፣ ፀጉርሽን እየሠራሁ። እኔው ራሴ አላወቅሁም። እንዴት ሰው በገዛ ሆዱ ያለውን አያውቅም? አልገባሽ ካለ፣ እኔም አልገባኝም» አለቻት።

ካሰች የጠቀለለችውን ልብስ መሬት አስቀመጠች።

«እኔ አውቅ ነበር» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካንቺ በፊት።»

አትጠገብ ይቅር በይኝ ማለት አነሰባት። ሁለቱ እንዲያው ቆመው ተላቀሱ። ካሰችም ያን ቀን አልሄደችም።

ነገሩ በዚህ ያለቀ እንዳይመስላችሁ። በዚያው ዓመት አዝመራው ሊደርስ ሲል በረዶ ወረደና ጤፉን አስተኛው። የመንደሩ ሰው ሁሉ ወደ ሰማይ አየ። አትጠገብ ግን ሳታስበው ዞር ብላ ልጇን አየች። አየቻትና ደነገጠች። እንደ በፊቱ ሰበብ ልትፈልግ ነበር፤ ነጠላሽ ረጠበ ልትል፣ ምናምን ልትል ነበር። ተወችው።

«ልጄ፣ አሁን ዓይኔ ወዳንቺ ሮጠ» አለች።

«አየሁት።»

«ይቅር በይኝ።»

«የዛሬውን ይቅር ብያለሁ» አለች ካሰች። «ነገም ሲሮጥ ንገሪኝ። እማዬ፣ እኔን የገደለኝ ዓይንሽ ሳይሆን ‹እንዲያው› የምትዪው ነበር።»

ከዚያም ሁለቱ ማጭድ ይዘው፣ ከበረዶው የተረፈውን ሊለቅሙ ወደ ማሳው ወረዱ።

ተረቴን መልሱ፣ ጉሮሮዬን በጠላ አርሱ! የምን መተያየት ነው? ማንቆርቆሪያው ከማን አጠገብ ነው ያለው?