የአምባዛው ክር

አንድ አምባዛ የሚያሳድግ ባለጠጋ ነበረ።

ደምሰው፣ ፊትህን አታኮሳትርብኝ። ጥያቄህን አልረሳሁም። የፊታችን እሑድ ለሽምግልና ወደ ሰናይት አባት ቤት ስንሄድ «ከሠርጉ በኋላ ትምህርቷን ታቁም» የሚል ቃል ጨምረን እንያዝ ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። ልጅቷ ሐኪም ለመሆን ገና አራት ዓመት ይቀራታል። አንተ ደግሞ አሁን ባለችበት ሁኔታ ለቤትህም ለሱቅህም ልክክ እንደምትል ነግረኸኛል። መልሱን እሰጥሃለሁ፤ መጀመሪያ ግን የአምባዛውን ነገር ስማኝ።

ይህ ባለጠጋ የሚኖረው ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ ነው። በእህል ንግድ የከበረ፣ ልጅ ያልወለደ፣ ነገር ማወቅ የሚወድ ሰው ነው። ጉንዳን በሰልፍ ሲሄድ ካየ፣ ቀብር ቢረፍድበት እንኳ ወዴት እንደሚገባ ሳያይ አይሄድም። አንድ ቀን በዓሣ አስጋሪዎች ባልዲ ውስጥ ጣት የሚያክል አምባዛ አየ። ጢም አለው፤ አፉ ሰፊ ነው፤ ከውሃው ብቅ ብሎ አየር ይስብና ይመለሳል። ዓሣ ሆኖ አየር ለምን ይስባል? ባለጠጋው ይህን ሳያውቅ ሊያልፍ አልቻለም። በጆግ አስደርጎ ወደ ቤቱ ወሰደው።

እንግዲህ መኖሪያ ያስፈልገዋል። ምን አደረገ መሰለህ? ለልጁ ጫማ ሊገዛ ገበያ የሚወጣ አባት እንደሚያደርገው አደረገ። ክር አምጥቶ ዓሣውን ከአፉ እስከ ጭራው ለካውና ክሩን ቆረጠ። መስታወት ቆርጣ ወደምትሠራ አንዲት ሴት ዘንድም ሄደ። «ርዝመቱ የዚህ ክር አምስት እጥፍ፣ ወርዱ ሦስት እጥፍ የሆነ ገንዳ ሥሪልኝ» አላት።

ሴትዮዋ ክሩን አገላብጣ አየችው። «ጌታዬ፣ ይሄ የዛሬ ልኩ ነው። አድጎ ሲጨርስስ ምን ያክላል?»

«ዓሣ የሚያድገው በቤቱ ልክ ነው» አላት።

ማን እንደነገረው አላውቅም። ከተማው ሁሉ ይህንኑ ይል ነበር። ሁሉም ስለሚለውም አንድ ሰው እንኳ ሐይቁ ድረስ ወርዶ አልጠየቀም። ሐይቁ ደግሞ ከገበያው መቶ እርምጃ ቢሆን ነው።

ገንዳው ተሠራ። ባለጠጋው ወንበር አምጥቶ ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። በሰዓት ስንት ጊዜ አየር እንደሚስብ ይቆጥራል። ጢሙ ምን እንደሚሠራለት ለማወቅ ዳቦውን አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ ይጥልለታል። ዓሣውም እሱን ያጠና ነበር መሰለኝ፤ ኮቴውን ሲሰማ ወደ መስታወቱ ይመጣል። ሰውየው ይወደው ነበር። ይህን ያዝልኝ፤ በክፋት ያደረገው አንድም ነገር የለም።

አምባዛው ይበላል። ትል ቢሉት ትል፣ ዳቦ ቢሉት ዳቦ፣ የሥጋ ትርፍራፊ ቢሉት ይኸው አፉ። በአራተኛው ወር መዞር አቃተው። ባለጠጋው አዲስ ክር ቆረጠ፤ ሴትዮዋ ሁለተኛ ገንዳ ሠራች። ዓመት ሳይሞላ ሦስተኛው ተሠራ። ያኔ ገንዳው የሳሎኑን አንድ ጎን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያዘው። ሚስትየዋ ቁም ሣጥኗን ወደ ጓዳ እያስገባች «ቀጥሎ የምወጣው እኔ ነኝ ማለት ነው» አለች። ባለጠጋውም ገንዳ መለወጥ ሰልችቶት ነበር። «በቃ፣ ይህ የመጨረሻው ነው። ከእንግዲህ እሱ ራሱ ልኩን ይወቅ» አለ።

ልኩን ዐወቀልሃ! ባለጠጋው በየወሩ ክሩን በመስታወቱ ላይ ወጥሮ ከአፍ እስከ ጭራ ይለካል፤ ከዚያ ቆርጦ ምስማር ላይ ያንጠለጥለዋል። የቀድሞዎቹ ክሮች አንዱ ካንዱ ይበልጡ ነበር። ሦስተኛው ገንዳ ከገባ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የወሩ ክር ካለፈው ወር ክር ጋር እኩል ሆነ። በሚቀጥለውም ወር እኩል። ሰውየው ከደስታው ብዛት በግ አርዶ ጎረቤት ጠራ። መስታወት ሠሪዋንም ጠራት፤ ያቺን ጥያቄዋን አልረሳላትማ። ክሮቹን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «ይኸው ቆመ! አላልኩሽም?» አላት።

እንግዶቹ አጨበጨቡ። እሷ ግን ክሮቹን ትታ ዓሣውን ታይ ነበር። ብዙ ቆይታ ነጠላዋን ለሚስትየዋ አስያዘችና እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ውሃው ውስጥ ከተተች። አምባዛው አልሸሸም፤ ወዴት ይሸሻል? የመጨረሻውን ክር ከራሱ ጀምራ፣ ጀርባው በሄደበት እያስኬደች፣ ወደ ጭራው ወሰደችው። ክሩ ጭራው ጋ ሳይደርስ አለቀ። ስንዝር ያህል ጎደለው።

ዓሣው ማደጉን አላቆመም ነበር። የሚዘረጋበት ቦታ ሲያጣ እየታጠፈ ነው ያደገው። በመስታወት ላይ የተወጠረ ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ብቻ ስለሚለካ እጥፋቱን አልተናገረም። ባለጠጋውም በየቀኑ ፊቱ ተቀምጦ ሲያየው መጣመሙ ቀስ በቀስ ስለመጣ ልብ አላለውም።

እንግዶቹን እንዳሉ ትቷቸው ሐይቁ ዳር ወረደ። ያገኘውን አስጋሪ «አምባዛ አድጎ ሲጨርስ ምን ያክላል?» ብሎ ጠየቀው። በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ የነበረበት ይህን ነበር። አስጋሪው ሁለት እጁን ዘረጋ። አልበቃውም። ጓደኛውን ጠራና «አንተ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ቁም» አለው። ባለጠጋው በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ እያየ አለቀሰ።

በማግስቱ ጓሮውን አስቆፈረ። የሚሳሳላቸውን የሎሚ ዛፎች ነቀለ፤ ሰፊ ኩሬ በድንጋይ አስገንብቶ ውሃ ሞላበትና አምባዛውን ለቀቀው። ሐይቁ ውስጥ ለምን አልለቀቀውም ትለኝ ይሆናል። ጀርባው የታጠፈ ዓሣ አድኖ አይበላም፤ ሌላው ይበላዋል እንጂ። በኩሬው ውስጥ ብዙ ዘመን ኖረ፤ በጣም ትልቅ ሆነ። ጀርባው ግን አልተቃናም። ሲዋኝ ወደ ግራ ይጎትተው ነበር። ሰው መጥቶ «ይህ ዓሣ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ባለጠጋው «እኔ ነኝ ያጣመምኩት» ይላል። ሌላ ነገር አይጨምርም።

ደምሰው ልጄ፣ ሰናይት አምባዛ ናት አላልኩም። እንደዚያ ብለህ እንዳትነግራት፤ በሠርጋችሁ ቀን ከድንኳኑ ውጭ ታስቀምጠኛለች። እኔ የምነግርህ ስለ ክርህ ነው። «ለቤቴ ልክ ናት» ስትለኝ የለካሃት የዛሬዋን ነው። «ብታቆምም ትለምደዋለች» አልከኝ። ትለምደው ይሆናል። ደግ ልጅ ናት፤ ትወድሃለች። ሱቅህ ውስጥ ቆማ ትሸጣለች፤ አንድም ቀን አታማርርም። አንተም ጎረቤት ጠርተህ «ይኸው፣ ተረጋጋች» ትላለህ። እኔን የሚያስፈራኝ ያ ቀን ነው። እጁን ውሃ ውስጥ የሚከት ሰው በየቤቱ አይመጣም፤ ቢመጣም የታጠፈውን አያቃናም።

የምትፈራውንም አውቃለሁ። ሐኪም ስትሆን ሱቁም ያንሳታል፣ እኔም አንሳታለሁ ብለህ ነው። እውነተኛ ፍርሃት ነው፤ አልስቅብህም። ግን የባለጠጋውን ሎሚ አስብ። ቀድሞ ነቅሎት ቢሆን ኖሮ የሚያጣው ዛፍ ብቻ ነበር።

እሑድ እሄዳለሁ፤ ሽማግሌዎቹንም እኔ እመራለሁ። ያንን ቃል ግን አልይዝም። ከዚያ በፊት አንተ ራስህ ሂድና «ስትጨርሺ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» በላት። ስትመልስልህ በልብህ ግድግዳህን እየለካህ አትስማት። ሁለት እጇን ዘርግታ ካልበቃት ጥራኝ፤ ከወዲያ በኩል እኔ እቆማለሁ።