እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ

አንድ ጊዜ ከባሕር ማዶ ባለች አንዲት ደሴት አያ ጅቦ ሰፊ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ነበረው። አህዮችን ጥንድ ጥንድ እየጠመደ ከንጋት እስከ ምሽት መጭመቂያውን ያስዞራቸዋል። ጣፋጩን እሱ ይልሳል፤ ለእነሱ ደረቁን ይጥልላቸዋል።

ከአህዮቹ አንዷ ዳለቻ እርጉዝ ነበረች፤ ወሯም ገብቷል። ልጇ ከቀንበር ሥር እንዳትወለድባት ብላ እንቅልፍ አጥታለች። አንድ ቀን ንጉሥ አንበሳ ከቀበሮ ጋር በዚያ ሲያልፍ «አቤት!» ብላ ጮኸች።

«ለምን አትፈታቸውም?» አለ አንበሳ ጅቦን።

«መፍታቱንስ እፈታለሁ፣ ንጉሥ ሆይ!» አለ ጅቦ። «ግን ነፃነት አልለመዱማ! ድንገት ቢፈቱ ይታመማሉ። ዘንድሮ አንድ ጆሯቸውን ነፃ እናውጣ፤ ከርሞ ሌላውን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል!»

«የእኔ ልጅ እንቁላል አይደለችም፤ በተወለደችበት ቀን ነው በእግሯ የምትሄደው» አለች ዳለቻ።

አንበሳ ጎፈሩን አከከ። ነገሩ ሊያድር ነው ብላ ዳለቻ ልቧ ተሰበረ። ቀበሮ ግን ጠጋ አለ።

«አያ ጅቦ፣ ለመሆኑ ቀንበሩ ይከብዳል?»

«ኧረ ላባ ነው!»

«እስቲ በራስዎ አንገት ላይ ንጉሡ ይዩልዎታ!»

ሞኙ ጅብ ዳለቻን ፈትቶ አንገቱን በቦታዋ አስገባ። ቀበሮ ማነቆውን ጥብቅ አድርጎ አሰረና አብራት ተጠምዳ የነበረችውን አህያ «ሂጂ!» አላት። እሷም እንዲህ ያለ ደስ የሚል ሥራ አይታ አታውቅም፤ ሦስት ጊዜ እየጎተተች አዞረችው።

«ፍቱኝ! አሁኑኑ ፍቱኝ!»

«ምነው አያ ጅቦ!» አለ ቀበሮ። «የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል ሲባል አልሰሙም? ዘንድሮ ግራ ጆሮዎን እንፈታለን፤ የቀረው እንቁላሉ እግር ሲያወጣ ይደርሳል።»

«እኔኮ ነፃ ሆኜ ነው የተወለድኩት!»

«የእኔም ልጅ እንደዚያው ትወለድ ነው ያልኩት» አለች ዳለቻ።

አንበሳ እስኪያነባ ሳቀ። «አያ ጅቦ፣ ፍርዱን ራስህ ሰጠህ። ላንተ አንገት አሁኑኑ ከሆነ፣ ለሁሉም አንገት አሁኑኑ ነው!»

ቀንበሩ ሁሉ በዚያው ሰዓት ተሰበረ፤ የጅቦው ግን ከሁሉም በመጨረሻ። በማግስቱ ዳለቻ እርሻው መሐል ወለደች። ውርንጭላዋም እየተንገዳገደች ተነሥታ በጅቦ ፊት አለፈች፤ ማንም አልጠመዳትም።

ከዚህ የምንማረው፣ በሌላው አንገት ላይ ላለ ቀንበር «ቀስ ይበል» የሚል ሁሉ በራሱ አንገት ላይ ቢያርፍበት «አሁኑኑ» ከማለት ሌላ ቃል እንደማይኖረው ነው።