የኮባ ቅጠልና የጨዋዎች ሰፈር

ተረት ልጀምር ነው። «እሺ» የሚል ይቀመጥ፤ የማይል ጓዳ ገብቶ ሽንኩርት ይላጥልን።

ጨዋ ሰዎች ብቻ የሚኖሩበት አንድ ሰፈር ነበር። ከጨዋነታቸው ብዛት የተዋሱትን ዕቃ ባዶውን አይመልሱም፤ ባዶውን ከሚመልሱ ጨርሶ ባይመልሱ ይመርጣሉ። እዚያ ሰፈር ውድነሽ የምትባል ሴት የታመሙ አባቷን ታስታምም ነበር። አባቷ አቶ ደርቤ እህል በአፌ አልልም ብለው ሰንብተው፣ አንድ ቀን ጠዋት «በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ አማረኝ» አሉ። ውድነሽ ዱቄቱን አቦካች፤ ሊጡ ኩፍ አለ። የበሽተኛ አምሮት እስኪመሽ እንደማይቆይ ታውቃለችና፣ ኮባ ካላቸው ጎረቤቷ ከአቶ ጥላዬ ዘንድ ሮጠች።

«ጋሽ ጥላዬ፣ ለአባባ ዳቦ የኮባ ቅጠል ይስጡኝ።»

«ኮባውማ ሞልቷል። ማጭዴ ግን አስናቁ ጋ ነው፤ ወስዳ ቀረች።»

ውድነሽ ወይዘሮ አስናቁ ጋ ሄደች። «እትዬ፣ ማጭዱን ይስጡኝ። ማጭዱ ኮባውን ይቁረጥ፤ ኮባው ዳቦውን ያልብስ፤ ዳቦውን አባባ ይብሉ።»

«ውይ! ማጭዱን ባዶውን? ባለጌ ልባል? ቆሎ ቆልቼ አብሬ ልልክ ነበር፤ ምጣዴን እታለም ወሰደችው።»

አቶ ጥላዬ ያለ ማጭድ መክረማቸው ነውር አይደለም፤ ነውሩ ያለ ቆሎ መመለሱ ነው። ውድነሽ እታለም ጋ ሄደች።

«እታለም፣ ምጣዱን ስጪኝ። ምጣዱ ቆሎውን ይቁላ፤ ቆሎው ማጭዱን ያጅብ፤ ማጭዱ ኮባውን ይቁረጥ፤ ኮባው ዳቦውን ያልብስ፤ ዳቦውን አባባ ይብሉ።»

«ምጣዱን ባዶውን? እናቴ እንዲህ አድርጋ አላሳደገችኝም! ሽሮ ነፍቼ ልጨምርበት ብል፣ ወንፊቴ ሃምሳ አለቃ መንበሩ ጋ ነው።»

ሊጡ ከቡሃቃው ሊወጣ ደርሷል። ውድነሽ ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ ቤት ደረሰች።

«ሃምሳ አለቃ፣ ወንፊቱን ይስጡኝ። ወንፊቱ ሽሮውን ይንፋ፤ ሽሮው ምጣዱን ያጅብ፤ ምጣዱ ቆሎውን ይቁላ፤ ቆሎው ማጭዱን ያጅብ፤ ማጭዱ ኮባውን ይቁረጥ፤ ኮባው ዳቦውን ያልብስ፤ ዳቦውን አባባ ይብሉ።»

«ወንፊቱን ባዶውን? ወታደር ነኝ እንጂ ስድ አይደለሁም! ንፍሮ ቀቅዬ ልሸኘው ብል፣ ድስቴ እማማ ትርንጎ ጋ ነው።»

እማማ ትርንጎ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። በሩን ገርበብ አድርገው ከፈቱ።

«እማማ፣ ድስቱን ይስጡኝ። ድስቱ ንፍሮውን ይቀቅል፤ ንፍሮው ወንፊቱን ያጅብ፤ ወንፊቱ ሽሮውን ይንፋ፤ ሽሮው ምጣዱን ያጅብ፤ ምጣዱ ቆሎውን ይቁላ፤ ቆሎው ማጭዱን ያጅብ፤ ማጭዱ ኮባውን ይቁረጥ፤ ኮባው ዳቦውን ያልብስ፤ ዳቦውን አባባ ይብሉ።»

እማማ ትርንጎ አቀረቀሩ። «ድስቱንማ አጥቤ ካስቀመጥኩት ቆየሁ ልጄ። የምጨምርበት ነው ያጣሁት። ሃምሳ አለቃን ባየሁ ቁጥር በሌላ መንገድ እዞራለሁ።»

ውድነሽ አፈረች። ያ ሁሉ ጨዋ ስለ ቆሎና ስለ ንፍሮ ሲጨነቅ፣ እማማ ትርንጎ ምን በልተው እንደሚያድሩ የጠየቀ አልነበረም፤ እሷም አልጠየቀችም።

«ባዶውን ይስጡኝ፤ ነውሩ በእኔ ይሁን። እርስዎም ይነሡ፤ ዳቦውን አብረን እንቆርሳለን።»

ድስቱ ባዶውን ተመለሰ፤ ሰማይም አልተደፋም። ሃምሳ አለቃው ድስቱን አዩ፣ እማማን አዩ፣ ወንፊቱን አውጥተው ሰጡ። ወንፊቱ ሲመለስ ምጣዱ ወጣ፤ ምጣዱ ሲመለስ ማጭዱ ወጣ፤ ማጭዱ ኮባውን ቆረጠ፤ ኮባው ዳቦውን አለበሰ፤ ዳቦውም በሰለ። ጨዋዎቹም ሳይጠሩ መጡ፤ ሽታው ጠርቷቸው።

አቶ ደርቤ ትራስ ተደግፈው ባረኩና ቆረሱ። አላመጡ። ዋጡ።

«ጨው አንሶታል» አሉ።

ውድነሽ በደስታ አለቀሰች። ከታመሙ ወዲህ አባቷ ምግብ ሲያጣጥሉ የመጀመሪያቸው ነበር።

«የሚያጣጥል ሰው ይድናል» አሉ እማማ ትርንጎ፣ ሁለተኛውን ቁራሽ እያቀበሏቸው።

እንግዲህ ተረቴን ወስዳችኋል። ይዛችሁት እንዳትቀሩ፤ ባዶውንም ቢሆን መልሱልኝ። ዳቦ ቢጨመርበት ግን አልቆጣም።