ያልደረቀችው ታንኳ

ተረት ተረት።

«የላም በረት» አላችሁ? ዛሬ ላም የለችም፣ የሐይቅ ተረት ነው። «የአሳ መረብ» በሉኝ። እሰይ። አንቺ በሩ ላይ ያለሽው ግቢ፤ ቁጭ ብድግ የሚል ሰው እያለ እኔ አፌ አይፈታም።

በድሮ ዘመን ከሐይቅ ዳር ጀምበሬ የሚባል አሳ አጥማጅ ነበረ። ሚስቱ እንጉዳይ አራስ ነበረች። ልጅቱ በተወለደች በዘጠነኛው ቀን የእንጉዳይ ጡት ነጠፈ። ሕፃኗ ትጠባለች፣ ምንም የለም፣ ታለቅሳለች። ከዚያም አዋላጇ መጡና የአሳ መረቅ ትጠጣ፣ አለዚያ ልጅቱ አትተርፍም አሉ።

ጊዜው መስከረም ሲጠባ ነው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው። ሐይቁ ሞልቶ ደፍርሷልና አሳው የት እንደገባ አይታወቅም። ጀምበሬም የደንገል ታንኳውን ይዞ ወደ ጥልቁ ሄደ። መረቡን ጣለ። ገና ሳይሰምጥ እዚህስ የለም አለና ጎተተው። ወደ ደሴቱ ቀዘፈና ጣለ፤ አሁንም ጎተተው። ማዶ ላይ አንድ ሰው ጎንበስ ሲል ካየ፣ አሳ አገኘ ብሎ ወደዚያ ይቀዝፋል። ሰውየው ግን ፊቱን እየታጠበ ነው። እኔ ብሆን ጆሮውን ይዤ አስቀምጠው ነበር። ግን ምን ያድርግ፣ የልጅቱ ለቅሶ ከጆሮው አልወጣ ብሎት ነው። አሳዘነኝ።

እንዲህ ሲል ሁለት ቀን ዋለ። የደንገል ታንኳ ደግሞ ውሃ ትጠጣለች። ከሐይቅ ስትወጣ ፀሐይ ላይ ቆማ መድረቅ አለባት። እሱ ግን አላደረቃትም። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቱ አያ ቢሻው አዩና፦

«ጀምበሬ፣ ታንኳህ ከብዳለች። ዛሬ ፀሐይ ታግኝ፣ ነገ ትወጣለህ።»

ጀምበሬም፦

«አያ ቢሻው፣ ልጄ እስከ ነገ የምትቆይልኝ አይመስለኝም» አለና ገፍቷት ሄደ።

ብዙም አልራቀ። ሐይቁ ሞልቶ የዋጠው ሣር ላይ ሲደርስ ታንኳዋ ዝቅ ዝቅ አለችና ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ቢገፋት እምቢ፣ ቢጎትታት እምቢ። ከዚያም አቃተውና ጉልበቱ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቆሞ አለቀሰ። በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ቦታ ሲቆም ይህ የመጀመሪያው ነው።

ቆሞ ሳለ ውሃው እግሩን ሞቀው። ሣሩ ተነቃነቀ። አንድ ነገር ቅልጥሙን ታክኮት አለፈና ሌላም ተከተለ። ለካ ክረምት ሲወጣ ፀሐይ ቀድማ የምታሞቀው ዳር ዳሩን ነው፤ አምባዛ የሚሉት አሳም እንቁላሉን ሊጥል እዚያው ሣር ውስጥ ገብቶ ኖሯል። ጀምበሬ ትንፋሹን ዋጠ። አልተነቃነቀም። ከዚያም ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና አንዱን ትልቅ አምባዛ በሁለት እጁ አቅፎ አወጣ። መረብ እንኳ አላስፈለገው።

እየሮጠ ቤቱ ገባ። እንጉዳይ መረቁን ጠጣች፣ በማግስቱም ደገመች። ከዚያም ወተቱ መጣ። ልጅቱ ጠባች ጠባችና ድንገት ዝም አለች። ጀምበሬ ከመደቡ ዘሎ ተነሳ፦

«ምነው፣ ምን ሆነች?»

እንጉዳይም፦

«ምንም አልሆነች። ጠግባ ነው።»

ጠጋ ብሎ ቢያይ ልጅቱ ተኝታለች፣ ከንፈሯ ላይ ወተት አለ። ያን ጊዜ እዚያው መሬቱ ላይ ቁጭ አለ።

እኔ ይህን ያህል ለፈለፍኩ፤ እናንተ ደግሞ ተረቴን መልሱልኝና አፌን በዳቦ ቁራሽ አብሱልኝ። አሳ ያለው ካለም አልጠላም።